ዶክተር ጃማ «ተሳስቻለሁ» ያለ ዕለት

ዶክተር ጃማ ማረፉን የነገረችኝ እህቱ ናት፤ ከትውልድ አገሩ ከሽንሌ ደውላ። «ሲስተር፣ ጃማ አለፈ። ቀበርነውም» አለችኝ። ስልኩን በትከሻዬና በጆሮዬ መሃል ይዤ፣ በሁለት እጄ የአንድ በሽተኛ የግሉኮስ ቱቦ እያስተካከልኩ ነበር። ማስተካከሌን ጨረስኩ። ምን ላድርግ? ቱቦ ሐዘን አያውቅም፤ ከተዉት ይደፈናል። ከዚያ የነርሶች ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። ብዙም አላለቀስኩም፤ ደክሞኝ ነበር። ለቅሶም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

የገደለው ልቡ ነው አሉ። ይገርማል፤ ዕድሜውን ሙሉ ያሳሰበው ልብ ሳይሆን አንጎል ነበር። ጅጅጋ ስትሮክ የመታው ሰው ወደ እኛ ሆስፒታል ከመጣ የሚያየው ጃማ ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ነርሶችን ያስተምራል። እኔ ሆስፒታሉ ውስጥ እሱ በሚሠራበት ክፍል ነርስ ነበርኩ። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ጅጅጋ ሱቅ የከፈቱ ናቸው፤ እዚሁ ተወልጄ ስላደግሁ ሶማሊኛውም እንደ አማርኛው ይቀናኛል። በአማርኛ ስናወራ አንቱ ስለው ይቆጣ ነበር። «እኛ ሶማሌዎች አንቱ አናውቅም። አንቱ ስትይኝ ከኋላዬ ሌላ ሰው የቆመ እየመሰለኝ እዞራለሁ» ይለኝ ነበር። ስለዚህ አንተ አልኩት፤ እዚህም እሱ እያልኩ ነው የምጽፈው፤ ባለጌ እንዳትሉኝ።

ረጅም፣ ቀጭን፣ ትከሻው ወደፊት የጎበጠ ሰው ነበር። እሱን ያላደከመው ነገር የለም። ጠዋት «እንዴት አደርክ ዶክተር?» ስንለው «ገና እያደርኩ ነው» ይላል። ስንስቅ እሱ አይስቅም። ቀልዱ ለኛ ነው፣ ድካሙ ለሱ።

አንድ ልማድ ነበረው። ግማሽ አካሉ የማይንቀሳቀስ በሽተኛ ሲተኛ፣ ጠያቂ ሁሉ የሚቀመጠው በደህናው ጎን ነው። ደህናውን እጅ ይዘው ያወራሉ፣ በደህናው ጆሮ ቁርአን ይቀሩለታል። ጃማ ግን ወንበሩን ዞር አድርጎ በዚያኛው በኩል ይቀመጥና የማይሰማውን እጅ ያነሳል። «ይሄ እጅ ዘመድ የለውም። ሁሉም ወደዚያኛው ሄደ» ይላል። ዘመዶቹ ያፍራሉ። በማግስቱ ስገባ አንዱ ወደ በድኑ ጎን ዞሮ ተቀምጦ አገኘዋለሁ።

ይህን የተማረው እናቱን ሲያስታምም ነው። እናቱን ሽንሌ እያሉ ስትሮክ መቷቸው፣ እሱ ገና ተማሪ ሳለ ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳይናገሩ ለዓመታት ኖሩ። እሱ ሐኪም የሆነው ለዚያ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የሚያንገበግበው፤ ደም ሲቋረጥ የአንጎል ደም ሥር ራሱ ውስጥ ምን ይካሄዳል? ለምን የአንዱ ሰው ደም ሥር ችሎ ይቆማል፣ የሌላው ፈርሶ ያፈሳል? በዚያ ኔትወርክ፣ አንድ ገጽ ለመክፈት ምሳ የሚያልቅበት ኔትወርክ፣ ስልኩ ላይ እንደ አቀረቀረ ስለዚህ ነገር ያነባል። እኔ እናደዳለሁ። «ዶክተር፣ ለዚህ መድኃኒት አለ?» እለዋለሁ። «የለም።» «ታዲያ ምን ያደርግልሃል?» «ድካሜን ያስረሳኛል» ይላል። በቃ፣ ይሄው ነበር መልሱ።

አንድ ዓመት ረመዳን ሊገባ ሰሞን ይህንኑ ለኮሌጁ ተማሪዎች አስተማረ። እኔም ገብቼ ነበር፤ ለትምህርቱ ሳይሆን ክፍሉ ውስጥ የሚሠራ የአየር ማራገቢያ ስላለ ነው። ከኋላ ተቀምጬ ጫማዬን አወለቅሁ። ግን ሳላስበው አዳመጥኩት።

«ስትሮክ ማለት» አለ፣ «የአንጎል ደም ሥር ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ነው። ሲዘጋ፣ የደም ሥሩ ግድግዳ የተሠራባቸው ሴሎች ራሳቸው ምግብና አየር ያጣሉ። የተራበ ሴል ምን ያደርጋል? ውስጡ ያለውን ያረጀና የተሰበረ ነገር ይሰበስባል፣ ይጠቀልላል፣ ያሟሟዋል፣ ከዚያ ያንኑ መልሶ ይጠቀምበታል። ከራሱ ጎተራ እየበላ ይቆያል።» ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠመኔውን አስቀመጠ።

«አባቶቻችሁ ሾፌሮች አይደሉም እንዴ? ከቶጎጫሌ ዕቃ የጫነ መኪና ደምበል በረሃ መንገድ ላይ ተበላሸ እንበል። ጋራዥ የለም፣ ስልክ አይሠራም። ሾፌሩ ከማያስፈልገው ቦታ ብሎን ፈትቶ የሚያስፈልገው ቦታ ላይ ያስራል። የአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቆርጦ የሚያፈሰውን ቱቦ ይጠቀልላል። መኪናው ከራሱ ወስዶ ራሱን ጠግኖ ከተማ ይገባል። ግን እርዳታ ሳይመጣ ብዙ ከቆየ፣ የጎኑን እንጨት ለማገዶ ያነዳል፣ ወንበሩን ይቀድዳል፣ ሁሉንም ይፈታል። በኋላ ጋራዡ ራሱ ቢመጣለት የሚጠገን መኪና አያገኝም። የደም ሥሩም እንደዚሁ ነው። በልኩ ከሆነ ይህ ነገር ግድግዳውን ያቆመዋል። ሲበዛ ደግሞ ግድግዳውን አጣብቆ የያዘውን ነገር ጭምር ይበላዋል፤ ያኔ ደም ሥሩ ያፈሳል፣ አንጎል ያብጣል። ልኩ የት ላይ ነው? አዋቂዎቹም ገና እየተከራከሩ ነው።»

አንዷ ተማሪ እጇን አወጣች። «ዶክተር፣ ይህን የሚያስጀምረው ስትሮክ ብቻ ነው?»

«አይደለም፤ ረሃብም ያስጀምረዋል። ስትጾሙም ሰውነታችሁ ውስጥ እንዲህ ያለ ሥራ ሳይኖር አይቀርም» አለ። ሰዓቱ አለቀ፣ ወጣን። ክፉ ነገር የተናገረ ሰው አልመሰለኝም፤ ዛሬም አይመስለኝም።

ወሬ ጅጅጋ ውስጥ እግር አያስፈልገውም፣ ባጃጅ ይሳፈራል። ተማሪዎቹ ለወላጆቻቸው አወሩ፣ ወላጆቹ ጫት እየቃሙ በርጫ ላይ አወሩት፣ በርጫ ላይ የተወራ ደግሞ ሲወጣ ሌላ ነው። በረመዳን የመጀመሪያ ሳምንት ከተማው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ሆነ፦ ዶክተር ጃማ ጾም የአንጎል ደም ሥር ያድሳል ብሏል፤ የጾመ ሰው የደም ግፊት ኪኒን አያስፈልገውም ብሏል። የመጀመሪያውን በግማሽ ነው ያለው። ሁለተኛውንማ በሕልሙም አላለው! የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ የሚመጡ ሰዎች ቀሩብን። ጃማ መጀመሪያ «ሙቀቱ ነው፣ ሲበርድ ይመጣሉ» አለ።

ከዚያ ኤዶ ሐሊማን አመጧቸው፤ ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። ገበያ ውስጥ የግመል ወተት የሚሸጡ፣ ክፍላችን በመጡ ቁጥር ለነርሶቹ ሁሉ ወተት ይዘው የሚገቡ ሴት ነበሩ። ቀኝ ጎናቸው የለም፣ አፋቸው ተጣሟል፣ ዓይናቸው ይከፈታል እንጂ ማንንም አያይም። ግፊታቸውን ስለካ መሣሪያው የተበላሸ መሰለኝና ሌላ አመጣሁ። ያው ነው።

ጃማ እንደ ልማዱ በቀኝ ጎናቸው ተቀምጦ እጃቸውን ያዘ። «ኪኒኗን መቼ ነው የዋጠችው?» አለ።

ልጃቸው መለሰች። ድምጿ ውስጥ ወቀሳ የለም፤ እንዲያውም ኩራት ነበረበት። «ረመዳን ከገባ አልዋጠችም ዶክተር። አንተ ያልከውን ነው የያዘችው። አንድም ቀን ጾሟን አልፈታችም።» ከዚያ ቀረብ ብላ «አሁንስ መጾሟን ትቀጥል?» አለችው።

ጃማ እጃቸውን ይዞ ቁጭ እንዳለ ቀረ። እኔ ነኝ ልጅቷን ክንዷን ይዤ ያወጣኋት። ኤዶ ሐሊማ ሳምንቱን ሳይጨርሱ አረፉ።

በማግስቱ ጃማ «ሲስተር፣ ሮብሌ ጋ እንሂድ። ግፊት መለኪያውን ያዢ» አለኝ። ሐጂ ሮብሌ ሽንሌ አብሮት ያደገ ጓደኛው ነው። ድሮ ሾፌር ነበር፤ ያኔ ግን ወደ ድንበሩ ወደ ቶጎጫሌ የሚመላለሱ የራሱ መኪናዎች ነበሩት። ከረመዳን በፊት ስልክ እያወራ እጁ ድንገት ዝሎ ስልኩን ጣለው፣ አፉ ተጣመመ፣ ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ለቀቀው። ጃማ «ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ሁለተኛው አይለቅህም» ብሎ ኪኒን አስጀምሮት ነበር። አሁን እሱም ማቆሙን ሰማን። ማቆም ብቻ አይደለም፤ «ያለው የራሴ ጓደኛ ነው» እያለ ወሬውን በከተማው የሚያዞረው እሱ ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ደረስን። ሐጂ ሮብሌ በረንዳው ላይ ፍራሽ አስነጥፎ ተጋድሟል። ግፊቱን ለካሁ፤ ቁጥሩን ለጃማ አሳየሁት። ፊቱ ተለወጠ።

«ሮብሌ፣ ኪኒንህን ዋጥ» አለው።

«ኪኒን ምን ያደርግልኛል? ጾም የደም ሥር ያድሳል ያልከው አንተ አይደለህ?»

«እንደዚያ አላልኩም።»

«ወላሂ ብለሃል! ከተማው ሁሉ ሰምቷል።»

ጃማ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያው ጀመረለት። ሴሉን፣ ግድግዳውን፣ መኪናውን። መኪናው ላይ ሲደርስ ሐጂ ሮብሌ በሳቅ ፈነዳ። «ለኔ ነው የመኪና ነገር የምትነግረኝ? ያ ሾፌር እኔ ነኝ! ብሎን ፈትቼ፣ ብሎን አስሬ፣ ከተማ አልገባሁም? ገባሁ!»

«ብዙ ከቆየ ግን…»

«ረመዳን ምን ያህል ነው? አንድ ወር። አንድ ወር ብዙ ነው?»

«በልኩ ሲሆን ይጠቅማል፣ ሲያልፍ ይጎዳል ነው ያልኩት። እሱም ገና እየተጠና ነው።»

«ሰማሽ ሲስተር? ይጠቅማል አለ!» አለኝ። አንድ ነገር ልናገር ስል ጃማ በዓይኑ ከለከለኝ።

«እሺ ጹም» አለው ቀስ ብሎ። «ማን አትጹም አለህ? እኔም እየጾምኩ ነው። ኪኒኑን ሌሊት በሱሁር፣ ማታ በማፍጠሪያ ውሰድ። ከጾሙ ጋር አይጣላም።»

ሐጂ ሮብሌ ተነስቶ ተቀመጠ። አሁን አልሳቀም። «ስማኝ ጃማ። ጾሙ የሚያድሰኝ ከሆነ ኪኒኑ ለምንድን ነው? ኪኒኑ የሚያስፈልገኝ ከሆነ ደግሞ ጾሙ አያድስም ማለት ነው። አንዱን ምረጥ። የወንድ ልጅ ቃል ሁለት ነው እንዴ?»

ጃማ ተነሳ። ተሰናብተን ወጣን። መንገድ ላይ እኔ ስነፈርቅ፣ «ግትር! ድንጋይ ራስ!» ስል፣ እሱ መንገዱን ይሄዳል። የሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ብቻ «በዚህ ግፊት ይህን ወር አይወጣም» አለ። ጓደኛው ነው። አብሮት ነው ያደገው።

አርብ ዕለት ወደ መስጊዱ ሄደ። ኢማሙም የኛው የግፊት ታካሚ ናቸው፤ ከሶላት በኋላ እንዲናገር ፈቀዱለት፣ ግን «አሳጥረው፣ ሰው ፀሐይ ላይ ነው» አሉት። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እዚያ አልነበርኩም። ድምጽ ማጉያው ግን ሆስፒታላችን ድረስ ይሰማል። መስኮቱን ከፍቼ ቆምኩ። ያንን ሁሉ ነገር፣ ሴሉን ከነግድግዳው፣ በሁለት ደቂቃ እንዴት ሊያስረዳ ነው ብዬ ተጨነቅሁለት።

አላስረዳም። በሶማሊኛ እንዲህ አለ፦ «ስለ ጾምና ስለ ደም ሥር የተናገርኩት ስህተት ነው። ዋን ቀልደመይ። ተሳስቻለሁ። ጾማችሁን ጹሙ፤ ጾም የአላህ ነው። የደም ግፊት ያለበት ኪኒኑን በሱሁርና በማፍጠሪያ ይዋጥ። ያስቆምኳችሁ እኔ ነኝ፣ አፉ በሉኝ።» ማጉያው ጠፋ።

መስኮቱን ዘጋሁት። እንዲህ ተናድጄ አላውቅም። ሲመጣ ደጁ ላይ ጠበቅሁት። «አልተሳሳትክም እኮ! አንድም ቃል አልተሳሳትክም! አጣመው ያወሩት እነሱ፣ ይቅርታ የምትጠይቀው አንተ?»

«ታዲያ ምን ልበል?» አለኝ። ከፀሐይ ስለመጣ ከንፈሩ ደርቋል። «ሮብሌ አንዱን ምረጥ አለኝ። መረጥኩ።»

«ስምህስ?»

«ስሜ ደም ግፊት የለበትም» አለኝና ወደ ክፍሉ ገባ። ሳቄም ለቅሶዬም አንድ ላይ መጣ።

ሰው ተመለሰ። በማግስቱ ወረፋው እስከ ግቢው በር ደረሰ፣ ጸጥታ ማስከበር አቃተን። ሐጂ ሮብሌም መጣ፤ እንደ ሠርገኛ ለብሶ፣ እየሳቀ። «ጃማ ተሸነፈ!» ይላል ለሚያገኘው ሁሉ። ጓደኛውን በክርክር የረታ መሰለው። በዚያ ደስታ ኪኒኑን ተቀብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህም አላቋረጠም። ጃማ በመስኮት እያየው «አየሽው? እንደዚህ ደስ ብሎት ኪኒን ሲወስድ አይቼው አላውቅም» አለኝ።

እሱ ግን ከፈለበት። የኮሌጁ ባለቤት «መስጊድ ቆሞ ተሳስቻለሁ ያለ መምህር ለተማሪ ምን ይነግራል?» ብሎ ትምህርቱን ለሌላ ሰጠው። ወጣቶቹ ሐኪሞች ሻይ ላይ «ዛሬስ አልተሳሳትክም ዶክተር?» እያሉ ይቀልዱበታል። እሱም ይስቅላቸዋል። «እንኳን ከሰዓቴን አሳረፉኝ» ይላል። አላረፈም። ከሰዓት ሲሆን የሚሄድበት ያጣል፤ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ ይልና መልሶ በሽተኞቹ ዘንድ ይገባል። ስልኩ ላይ ማቀርቀሩንም ተወው። አንድ ቀን «ስለ ሴሉ አዲስ ነገር የለም እንዴ?» ብዬ ነካካሁት። «ለማን ልነግረው?» አለኝ። ያቺ መልስ እስከ ዛሬ ታመኛለች። ለኔ በል ማለት እችል ነበር፣ ግን ያን ዕለት አልጋው ሁሉ ሞልቶ ነበር፣ ሰው ይጠራኛል፣ ሄድኩ።

ብዙ ሳይቆይ እግሩ ማበጥ ጀመረ። ትንፋሽም አጠረው። እህቱ መጥታ ወደ ሽንሌ ወሰደችው። ሲሄድ ለበሽተኞቹ «እመጣለሁ» አላቸው፤ ለኔ ግን እንደዚያ አላለኝም። እኔና እሱ ስንት እብጠት አብረን አይተናል፤ አንዋሻሽም።

ጅጅጋ ያሉ ዘመዶቹ ድንኳን ጥለው ስለነበር ከሥራ በኋላ ለቅሶ ለመድረስ ሄድኩ። ሴቶቹ ጋ ተቀምጬ ስወጣ ሐጂ ሮብሌን ከወንዶቹ ድንኳን ደጃፍ ላይ ወንበር ላይ አገኘሁት። ዙሪያውን ሰው ከቧል። ፊቱ ወዝ አለው፣ ሁለቱም እጆቹ ይሠራሉ፤ በሁለቱም እያወናጨፈ ነው የሚያወራው።

«ሲስተር፣ ነይ ልጄ፣ ነይ» አለኝ። ዓይኖቹ ቀልተዋል። «ለነዚህ ስለ ጃማ እየነገርኳቸው ነው። እንደሱ ያለ ሐኪም አላየንም። በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የተሳሳተው፣ እሷንም ሰው ፊት ቆሞ ሳያፍር ተናገረ። ያን ጊዜ እኔ ነበርኩ የተከራከርኩት። አንቺም ነበርሽ። እውነቴን አይደለም?»

ሁሉም ወደኔ ዞሩ። አልተሳሳተም፣ አንተን ለማዳን ሲል ነው ብዬ ልጮህበት ነበር። ሰውየው በሕይወት ተቀምጦ፣ ያቆየውን ሰው ስህተተኛ እያለ ያለቅስለታል! ግን መልሼ አሰብኩ። አልተሳሳተም ብዬ ብነግረው ምን ይላል? «እንግዲያው ጾሙ ያድሳል ማለት ነዋ» ይላል። ይህን ሰው አውቀዋለሁ። ረመዳን ደግሞ ሊገባ ነው፤ ጃማም የለም፣ ሁለተኛ ተሳስቻለሁ የሚልለት ሰው የለም።

«እውነትህን ነው አዴር» አልኩት፤ አጎቴ ማለቴ ነው። «ተሳስቶ ነበር።»

«አየህ?» አለ አጠገቡ ወዳለው ሰው ዞሮ፣ እንባውን በመዳፉ እየጠረገ። «ይኸው፣ እሷም ነበረች።»

እኔም የድርሻዬን ዋሽቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጃማ አልተሳሳተም። እዚህ የጻፍኩት አዴር ሮብሌ አማርኛ ይናገራል እንጂ አያነብም ብዬ ነው፤ ከእናንተ መሃል ጎረቤቱ የሆነና የሚያነብለት ካለ፣ አደራ፣ ይህችን አታንብቡለት።